ስምንተኛው ቀለበት

ስሟ ደብር ይመስላል፣ ተራራ ግን የላትም፤
ደብረጸን ዝርግ ናት፣ ዐይን አያርፍባትም።
ቢጫው ትራም ጠዋት ጫካውን ሰንጥቆ
ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሲደርስ ተንፏቆ፣
ሳሮልታ ቬርቴሲ ትወርዳለች ቀድማ፣
የትናንቱን ስሌት በልቧ ደጋግማ።

ቀለበቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቅላ
ጓንቷን ታጠልቃለች ጣት በጣት አስተካክላ።
ከዚያ ሌላ ቀለበት፣ ለዐይን የማይገባ፣
ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ወንበር መሳይ ደርባባ፣
የስኳር ቀለበት፤
አንዱን ካንዱ ልታስር፣ ስምንት ልታደርስ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ስታፈርስ።

ምንድን ነው? ሲሏት "ካባ ነው" ትላለች፤
"ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ አንዲት ደቂቅ አለች፣
ከስኳር ፈትላ ካባ የለበሰች።
ለባሿን ሳልጠራ ካባዋን ብሰፋ
ለደም ዘበኞች አሳያለሁ በይፋ፦
ይህን ለብሳ ስትመጣ በሩን እንዳትከፍቱ!
እሷ በቅጽበት ነው፣ ሳትቆጥር ሳትለካ፤
እኔ ግን ዕድሜዬን፣ ጠብታ ስለካ።"

የስኳር እጅ ብዙ ነው።
ሁሉም ልጨብጥ ይላል።
አራቱን ትሸፍናለች፣ አንዱን ራቁቱን ትተዋለች፤
ያ አንዱ ሲጨብጥ የሌላውን ጓንት ታወልቃለች፤
ደግሞ ትሸፍናለች። ደግሞ ታወልቃለች።
ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል ያሉ ሰዎች
እዚህ ቤት አልሠሩም፤
እዚህ ሰሙ በቀለጠ ቁጥር ወርቁም ይጎድላል፤
ሙሉ ብልቃጥ ተነስቶ ማንኪያ ላይ ይደርሳል፤
ከማንኪያ ተነስቶ በጥፍር ጫፍ ያልቃል።

መጨበጡም አይበቃ፤
ከላይ ነው? ከታች ነው? እጁ የተዘረጋው?
ባለፈው በረዶ፣ ተማሪዋ ቦግላርካ
አምስት ወር ከብርጭቆው ዓምድ ስር ቆማ፣
ጠብታ በጠብታ ለቅማ፣
መሣሪያው ወረቀቱን ሲተፋ አየችው፦
(ይህች ተራራ የሌላት ከተማ
ተራሮቿ ሁሉ ወረቀት ላይ ናቸው)
አንዱ ጫፍ ግማሽ ጣት ወደ ግራ ሸሽቷል።
አምስተኛው ቀለበት ተገልብጧል።

ልጅቷ መታጠቢያው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።
ሳሮልታ አልተቆጣችም፤
በእርሳስ "የቦግላርካ፣ የተገለበጠ" ብላ ጽፋ
ማቀዝቀዣው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፣
ከመቶ አርባ ሌሎች ጎን።
"ይህ ልጄ የተወለደች ለት የተበላሸ ነው" አለች፤
"ይህ ደግሞ አባቴን ቀብሬ ስመለስ።
ይህኛው ያለ ምክንያት።"

ምድር ቤት ብርጭቆ የሚነፋው ዶሜ
ለስምንተኛው ብሎ የሠራት ጠርሙስ
ከትንሽ ጣት ታንሳለች፤
"ከዚህ ካነሰችማ ትንፋሼ ይተርፋል" ብሎ ስቆ ነበር።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ
ተራሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ቆሙ።
አራት ሚሊግራም።
ጠርሙሷ ግርጌ፣ መስታወት ላይ እንዳደረ ውርጭ።
ዶሜ ሊያይ መጥቶ ጎንበስ ቢል
"አትተንፍስ!" አለችው።
አርባ ዓመት በትንፋሹ እንጀራ የበላ ሰው
ጉንጩን ነፍቶ ቆመ፣
እስኪቀላ።

ማታ በትራሙ፣ ቀለበቷ ምስማሩ ላይ ቀርቶ፣
ከፊቷ አንድ ሕፃን፣ በእናቱ ጭን ተኝቶ፣
አንዴ ሳለ።
ሳሮልታ ቀና አለች፣
መምህሯ ሳታስበው በሩን ከፍቶ እንደገባባት ተማሪ።
እዚያ ውስጥ፣ በሙቀቱ፣ በጨለማው፣
ሳትሸፍን፣ ሳታወልቅ፣ ሳትመዝን፣
ያች ደቂቅ ትፈትል ይሆናል፦
ስምንት፣ ደግሞ ስምንት፣ ደግሞ ስምንት።

ሕፃኑ እንደገና ሳለ።
እሷም ሳለች፣
በባዶ ጣቷ፣ መስኮቱ ላይ ባረፈው እንፋሎት፣
አንድ ቀለበት፣ ከጎኑ ሌላ፣
ሌላ።
ሰባተኛውን ስታያይዝ
ፌርማታዋ ደረሰ።